ለታንክ ሞዴላችሁ መቀየሪያ አፈሙዝ እንዴት ትመርጣላችሁ?

የታንክ ሞዴል ላይ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው መድፉ ላይ ነው። ሰንሰለቱ ትንሽ ቢላላ፣ አንዱ ክዳን ቢያዘነብል ሰው ላያስተውለው ይችላል። አፈሙዙ ከጎበጠ ወይም ጎኑ ላይ የመጋጠሚያ መስመር ከታየ ግን ወዲያው ይጋለጣል። ለዚህ ነው ብዙ ሞዴል ሠሪዎች ከኪቱ (ከሚገጣጠመው የሞዴል ሳጥን) ጋር የመጣውን ፕላስቲክ ትተው ሌላ ድርጅት በቶርኖ የሠራውን የአሉሚኒየም ወይም የነሐስ አፈሙዝ የሚገዙት።

ችግሩ ምርጫው መብዛቱ ነው። ለአንድ ታንክ ብቻ የተለያዩ ድርጅቶች የየራሳቸውን አውጥተዋል። ፎቶው ላይ ሁሉም ያብረቀርቃል። ሁሉም ልክ ነው ማለት ግን አይደለም። እኔ የምመክረው አፈሙዞቹን እርስ በርስ ከማወዳደራችሁ በፊት እያንዳንዱን ከእውነተኛው መድፍ ጋር እንድታወዳድሩ ነው። የድርጅት ስምና ዋጋ ከዚያ በኋላ ይታያል።

ለምሳሌ ቲ-55ን እወስዳለሁ። ይህ የሶቪየት ታንክ በኢትዮጵያ ጦር ውስጥ ለረጅም ዘመን አገልግሏል። መንገድ ዳር ተቃጥሎ የቀረውን አካሉን ያየ ሰውም ብዙ ነው። በ1/35 መጠን፣ ማለትም ከእውነተኛው 35 ጊዜ አንሶ፣ ታሚያም፣ ታኮምም፣ ሚኒአርትም የተባሉት ድርጅቶች ኪት ሠርተውለታል።

መጀመሪያ መድፉን ለዩ

የታንኩን ስም ማወቅ ብቻ አይበቃም። የቲ-55 መድፍ ዲ-10ቲ2ኤስ ይባላል፤ ባለ 100 ሚሊሜትር ነው። የተኩሱን ጭስ ወደ ውጭ የሚስበው ወፈር ያለ ሲሊንደር አፈሙዙ ጫፍ ላይ ይቀመጣል። የመጀመሪያዎቹ ቲ-54ዎች ግን ይህ ሲሊንደር የላቸውም። አፈሙዛቸው እስከ ጫፉ ድረስ ወጥ ነው። ቲ-62 ደግሞ ባለ 115 ሚሊሜትር መድፍ አለው፤ የጭስ መሳቢያውም ከጫፉ ወደኋላ ራቅ ብሎ ይገኛል። ቲ-55ንና ቲ-62ን ከሩቅ ለመለየት ቀላሉ ምልክት ይሄው ነው። ሻጩ «ለቲ-54/55» ብሎ በአንድ ላይ ከጻፈ ሥዕሉን ሳታዩ አትግዙ።

እስራኤል የምትኖሩ ደግሞ ላትሩን ባለው የታንክ ሙዚየም ቲራንን በአካል ማየት ትችላላችሁ። ቲራን እስራኤል ከማረከቻቸው ቲ-54ና ቲ-55 ታንኮች አድሳ የሠራችው ነው። ከቲራኖቹ መካከል መድፋቸው በ105 ሚሊሜትር የተቀየረ አሉ። እንዲህ ያለውን ለመሥራት የቲ-55 አፈሙዝ ገዝታችሁ ከሆነ የቱንም ያህል ቢያምር ቦታው አይደለም።

የአሜሪካው ሸርማን ታንክ ላይ ልዩነቱ ይበልጥ ይረቃል። ባለ 76 ሚሊሜትሩ መድፍ ኤም1ኤ1፣ ኤም1ኤ1ሲ እና ኤም1ኤ2 እየተባለ ይለያያል። የመጀመሪያው ጫፉ ልሙጥ ነው። ሁለተኛው ለአፈሙዝ ፍሬን (ጫፉ ላይ ተገጥሞ የተኩሱን ግፊት ለሚያበርደው ቁራጭ) ጥርስ ተበጅቶለት በክዳን ተሸፍኗል። ሦስተኛው ፍሬኑ ተገጥሞለት ነው የሚወጣው። የምትሠሩትን ታንክ ፎቶ አጠገባችሁ አስቀምጡና ጫፉን እዩ።

ቀጥሎ ሒሳቡን ሥሩ

ሒሳቡ ቀላል ነው። የመድፉን የቀዳዳ ስፋት በሚሊሜትር ውሰዱና ለ35 አካፍሉ። የቲ-55 መድፍ 100 ለ35 ሲካፈል 2.86 ሚሊሜትር ይመጣል። የጀርመኑ ታይገር ታንክ 88 ሚሊሜትር 2.51 ይሆናል። የቲ-34/85 መድፍ 2.43፣ የሸርማን 75 ሚሊሜትር ደግሞ 2.14። ኪታችሁ 1/72 ወይም 1/48 ከሆነ በዚያው ቁጥር አካፍሉ።

ካሊፐር እንዲህ ያለ ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ በደንብ አይለካም። የትራፓኖ ፑንታ ይሻላል። የፑንታውን ለስላሳ ጭራ በቀስታ አስገቡ። ለቲ-55 ባለ 2.8ቱ ገብቶ ባለ 3ቱ እምቢ ካለ ቀዳዳው ልክ ነው። ባለ 3ቱ ዘው ብሎ ከገባ የአፈሙዙ ግድግዳ ከሚገባው በላይ ሳስቷል ማለት ነው፤ ፊት ለፊት ሲታይ የቧንቧ ቁራጭ ይመስላል።

ርዝመቱ ትንሽ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የጀርመን መድፎች ኤል/43፣ ኤል/48 እየተባሉ ይጻፋሉ። ቁጥሩ የመድፉ ርዝመት የቀዳዳውን ስፋት ስንት እጥፍ እንደሆነ ይናገራል። ፓንዘር 4 በሁለቱም ዓይነት ተሠርቷል። 75 በ43 ሲባዛ 3225 ሚሊሜትር፣ በ48 ሲባዛ 3600 ሚሊሜትር ነው። የ375 ሚሊሜትሩ ልዩነት ሞዴሉ ላይ 10.7 ሚሊሜትር ይሆናል። ከአንድ ሴንቲሜትር በላይ ስህተት ማንም ያየዋል። ሊዮፓርድ 2 ላይ ደግሞ በኤል/44ና በኤል/55 መካከል ያለው ልዩነት በ1/35 ወደ 38 ሚሊሜትር ይጠጋል።

ይህ ርዝመት ግን ቱሬቱ (መድፉን ይዞ የሚዞረው የታንኩ የላይኛው ክፍል) ውስጥ የተደበቀውንም የመድፉን ክፍል ይጨምራል። ስለዚህ በእጃችሁ ያለው አፈሙዝ ከስሌቱ ቢያጥር አትደንግጡ። የሚታየውን ክፍል ለማጣራት ከጎን፣ ራቅ ተብሎ የተነሳ ፎቶ ፈልጉ። ፎቶው ላይ የጭስ መሳቢያውን ርዝመትና አፈሙዙ ከቱሬቱ ጋሻ እስከ ጫፉ ያለውን ርዝመት በማስመሪያ ለኩና አንዱን ለሌላው አካፍሉ። ከዚያ የገዛችሁት ላይ ያንኑ ለኩ። ሁለቱ ውጤቶች ተቀራራቢ መሆን አለባቸው።

የተሠራበት ነገር

አሉሚኒየም ቀላልና ርካሽ ነው፣ ቀጥ ብሎም ይቆያል። ነሐስ ጠንከር ይላል፣ ቀጫጭን ጠርዞች ላይም ይበልጥ ጥርት ብሎ ይወጣል። ክብደቱ ግን ከአሉሚኒየም ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ቱሬቱ ውስጥ መድፉን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ማጠፊያ ላላ ያለ ከሆነ ረጅም የነሐስ አፈሙዝ አፍንጫውን መሬት ይደፋል። ለዚህ ነው ዋናው ቱቦ አሉሚኒየም፣ የአፈሙዙ ፍሬን ደግሞ ነሐስ የሆነበትን አሠራር እኔ የምመርጠው።

ቶርኖ የማይሠራው ነገርም አለ። ቶርኖ የሚቀርጸው ዙሪያውን እኩል የሆነ ነገር ነው። የእንግሊዙ ኤል7 መድፍ ላይ የጭስ መሳቢያው ከአፈሙዙ መሃል መስመር ወደ ላይ ወጣ ያለ ነው። ሴንቱሪየንና ሊዮፓርድ 1 ላይ ታዩታላችሁ። አንድ ወጥ ተደርጎ የተቀረጸ ኤል7 ካገኛችሁ የጭስ መሳቢያው መሃል ላይ መቀመጡ ነው፤ ስለዚህ ስህተት ነው። መሳቢያው ለብቻው ተሠርቶ የሚገጠምበትን ፈልጉ።

የዘመናዊ ታንኮች አፈሙዝ ደግሞ ሙቀት እንዳያጎብጠው ሽፋን ይለብሳል። በኤብራምስና በቲ-72 ላይ ያለውን አስቡ። ሽፋኑ ማሰሪያና ብሎን አለው። በቶርኖ የወጣ ልሙጥ ብረት ይህንን አያሳይም። እዚህ ላይ ሬዚን ወይም በ3ዲ ማተሚያ የወጣው ይበልጣል። ሬዚን ከጎበጠ ሙቅ ውኃ ውስጥ ከትታችሁ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ታቀኑታላችሁ፤ ተሰባሪ ስለሆነ ግን አታስገድዱት። በ3ዲ የታተመው ላይ የንብርብር መስመር መኖሩን በጎን ብርሃን እዩ።

የውስጥ ጠመዝማዛ መስመር ያስፈልጋል?

ሻጮች አፈሙዙ ውስጥ ያለውን ጠመዝማዛ ቦይ በጣም ያስተዋውቁታል። ቆንጆ ነገር ነው፤ ግን ልኩ ይታይ። ዲ-10 መድፍ 40 ቦዮች አሉት። ቀዳዳው በ1/35 መጠን 2.86 ሚሊሜትር ከሆነ ዙሪያው 9 ሚሊሜትር ያህል ነው። ይህ ለ40 ሲከፈል ለአንድ ቦይና ለአንድ ጉብታ በጋራ የሚደርሰው 0.22 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ በትክክል የተሠራው በጣም የደቀቀ ነው፤ ብርሃን ካላገኘ አይታይም። ከሩቅ እንደ ማርሽ ጥርስ የሚታይ ከሆነ ተጋንኗል፤ ልሙጡ ቀዳዳ ይሻላል። የቲ-62፣ የቲ-72፣ የሊዮፓርድ 2 እና የአሁኖቹ ኤብራምስ መድፎች ደግሞ እውነተኛዎቹም ውስጣቸው ልሙጥ ነው።

ስለ ድርጅቶቹ ብዙ አልልም። የፖላንዶቹ አበርና አርቢ ሞዴል፣ የቻይናው ቮያጀር፣ የስፔኑ ሆርዲ ሩቢዮ የታወቁ ናቸው። የአንዱ ድርጅት አፈሙዝ ለአንድ ታንክ ግሩም ሆኖ ለሌላው ላይሆን ይችላል። ማሸጊያው ላይ ለየትኛው ኪት እንደተሠራ ይጻፋል፤ እሱን አንብቡ። ለታሚያ የተለካ አፈሙዝ የሚኒአርት ጋሻ ቀዳዳ ውስጥ ሊላላ ወይም ጭራሽ ላይገባ ይችላል።

ደግሞ መግዛት የግድ አይደለም። አዳዲስ ኪቶች ላይ ፕላስቲኩ አንድ ወጥ ሆኖ፣ ጫፉም ተቦርቡሮ የሚመጣበት ጊዜ አለ። ከላይ ያሉትን መለኪያዎች ካለፈ ገንዘባችሁን ለሌላ ነገር አውሉት። ለሁለት ተከፍሎ የሚጣበቅ ከሆነ ግን ለውጡት። መጋጠሚያውን ስትሞርዱት ክቡ ወደ ሞላላ ይሄዳል።

እጃችሁ ሲገባ

መስታወት ላይ አስቀምጡና በጣታችሁ አንከባሉት። ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ ዞር እያለ ቢንከባለል ችግር የለም። ጫፉ ከፍ ዝቅ እያለ ከዘለለ ግን ጎብጧል። ከዚያ ፊት ለፊት ያዙትና ቀዳዳው መሃል ላይ መሆኑን እዩ። ግድግዳው በአንድ በኩል ከወፈረ ቀለም አይደብቀውም፤ መልሱት።

ፕላስቲኩን ከመቁረጣችሁ በፊት ቁርጡ የት ላይ እንደሚያርፍ በእርሳስ አስምሩ። አንዴ ከተቆረጠ መመለሻ የለውም። አዲሱን ያለ ማጣበቂያ ገጥማችሁ ሞክሩ። ቀዳዳው ከጠበበ በክብ ሞረድ ትንሽ በትንሽ አስፉት።

ፕላስቲክን የሚያቀልጠው የሞዴል ሙጫ ብረት አይዝም። ሱፐር ግሉ ይይዛል፤ ግን ለማስተካከል ጊዜ አይሰጥም። እኔ በሁለት ቱቦ መጥቶ ሁለቱ ክፍሎቹ ሲደባለቁ የሚሠራውን ኤፖክሲ ሙጫ እመርጣለሁ። እስኪደርቅ ድረስ ከላይም ከፊትም እያያችሁ ታቀኑታላችሁ። ፍሬን ካለው የጎን ቀዳዳዎቹ ግራና ቀኝ እኩል መግጠማቸውን አረጋግጡ። መድፉ ከከበደና ከደፋ ከኋላው፣ ቱሬቱ ውስጥ፣ ትንሽ የብረት ክብደት አጣብቁ፤ ካልሆነም የፈለጋችሁት ከፍታ ላይ አቁሙትና ማጠፊያውን በማጣበቂያ ዝጉት።

ብረት ላይ ቀለም በቀላሉ ይላጣል። አፈሙዙን በሳሙና ውኃ ወይም በአልኮል አጽዱና አድርቁት፣ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጋችሁ እሹት፣ ከዚያ ለብረት የሚሆን ፕራይመር ንፉ። ከመንፋታችሁ በፊት አፉን በተጠቀለለ ወረቀት ድፈኑት፤ አለበለዚያ ያ ደቃቅ ቦይ በሁለት ድርብ ቀለም ይሞላል። የላይኛው ቀለም ሲደርቅ ወረቀቱን አውጥታችሁ ቀዳዳውን በቀጠነ ጥቁር ቀለም ጫፍ ጫፉን ብቻ ንኩት።