የድንጋይ ቻርጀር እንዴት ይመረጣል? እንዴትስ ይሠራበታል?

እናቴ የደም ግፊቷን ጠዋትና ማታ ትለካለች። መለኪያው አራት ድንጋይ ነው የሚበላው። አንድ ቀን ጠዋት ክንዷ ላይ የታሰረው ጨርቅ በአየር መወጠር ጀመረ፤ ገና ሳይጠብቅ ማሽኑ ድርግም አለ። ድንጋዮቹ ቻርጅ የሚደረጉ ናቸው። ሌሊቱን ሙሉ ሶኬት ላይ ነው ያደሩት። ከተገዙ አምስት ወር እንኳ አልሞላቸውም። «ፎርጅድ ሸጠውልኝ ነው» ብዬ ሌላ አራት ገዛሁ። እነሱም ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ። ጥፋቱ የቻርጀሩ መሆኑን ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ድንጋይ ስል የባትሪ ድንጋይ ማለቴ ነው። ሱቅ ገብታችሁ «ባትሪ» ካላችሁ የእጅ ባትሪ ሊያወጡላችሁ ይችላሉና እናንተም ድንጋይ በሉ። የግድግዳ ሰዓት ውስጥ የሚገባው ደብል ኤ ይባላል። ቀጭኑ የሪሞት ድንጋይ ደግሞ ትሪፕል ኤ ነው። የዛሬው ጽሑፍ ስለእነዚህ ሁለቱ ነው።

መጀመሪያ ቤታችሁን እዩ

ለሁሉም ዕቃ ቻርጅ የሚደረግ ድንጋይ አያስፈልግም። የግድግዳ ሰዓት በአንድ ተራ ድንጋይ ወራት ይቆያል፤ ተዉት። ሪሞትም እንደዚያው። ገንዘባችሁን የሚበሉት ቶሎ ቶሎ የሚጨርሱት ናቸው፦ የልጆች መጫወቻ፣ የእጅ ባትሪ፣ ቀኑን ሙሉ የሚከፈት ሬዲዮ፣ ገመድ አልባ ማይክ፣ የደም ግፊት መለኪያ። ለእነዚህ ስንት ድንጋይ እንደሚያስፈልግ ቁጠሩና እጥፉን ግዙ። ግማሹ ዕቃው ውስጥ ሲሠራ ግማሹ ሞልቶ ይጠብቃል።

ድንጋዩን ስትገዙ

ወገቡ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። የምትፈልጉት ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ የሚባለውን ነው፤ በምህጻረ ቃል «ኤንአይ ኤምኤች» ተብሎ ይጻፋል። ቮልቱ 1.2 ነው። ተራው ድንጋይ 1.5 ስለሆነ «ይሄ ደካማ ነው» የሚል ሻጭ አይጠፋም። አትስጉ። ተራው ድንጋይ ከ1.5 ይነሳና ሲሠራ እየወረደ ይሄዳል። ይሄኛው ግን አብዛኛውን ጊዜውን 1.2 አካባቢ ቀጥ ብሎ ይቆያል። ለአብዛኛው የቤት ዕቃ ይበቃል።

ቀጥሎ አቅሙ አለ፤ በሚሊአምፒር አወር ነው የሚጻፈው። ለደብል ኤ 2000 አካባቢ፣ ለትሪፕል ኤ 800 አካባቢ ጥሩ ነው። ደብል ኤው ላይ 3500 ወይም 4000 የሚል ካያችሁ መልሱት። በዚያ መጠን ውስጥ ይህን ያህል የሚይዝ የዚህ ዓይነት ድንጋይ የለም። ቁጥሩ ላይ የዋሸ ሌላውንም ይዋሻል።

ሌላም ነገር አለ። የድሮዎቹ ሳይነኩ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጠው በጥቂት ሳምንታት ብዙ ኃይላቸውን ያጡ ነበር። የጃፓኑ ሳንዮ እ.ኤ.አ. በ2005 ኢነሉፕ የሚባለውን ካወጣ ወዲህ ነገሩ ተቀየረ፤ የሞላው ዓመት ቢቀመጥም አብዛኛውን ኃይል ይዞ ይቆያል። ዛሬ ተመሳሳዩን የሚሠሩ ብዙ ናቸው። ማሸጊያው ላይ «ተሞልቶ የመጣ፣ ወዲያው የሚያገለግል» የሚል ጽሑፍ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ዓይነት ነው።

አሁን ወደ ቻርጀሩ

እዚህ ላይ ረጋ በሉ፤ ድንጋዩን የሚያኖረውም የሚገድለውም እሱ ነው።

የእኛ ቻርጀር በጊዜ ቆጣሪ የሚሠራ ነበር። ድንጋዩ ይሙላ አይሙላ አያይም። ሲሰካ መቁጠር ይጀምራል፣ የተሰጠው ጊዜ ሲያልቅ ያቆማል። መብራት ሄዶ ሲመጣስ? እንደ አዲስ ከዜሮ ይነሳል። ሌሊት ሁለቴ መብራት ከሄደ፣ የሞላውን ድንጋይ ሁለቴ እንደገና ሊሞላው ይሞክራል። ትርፉ ኤሌክትሪክ መግቢያ ሲያጣ ሙቀት ይሆናል፤ ሙቀቱ ደግሞ የድንጋዩን ውስጥ ያደርቀዋል። መብራት በሚመላለስበት ቤት ይሄ ዓይነቱ ቻርጀር አይሆንም። ከዚህ የባሰም አለ፤ ቆጣሪ እንኳ የሌለው፣ ቀይ መብራቱ ድንጋዩ ሞላም አልሞላም የሚበራ።

የሚሻለው ድንጋዩን እያየ የሚሞላው ነው። ይሄ ድንጋይ ጢም ብሎ ሲሞላ ቮልቱ በጣም ትንሽ ወደ ታች ይላል። ደህና ቻርጀር ያችን ትንሽ ለውጥ ሲያይ ያቆማል፤ ሙቀቱንም የሚከታተሉ አሉ። መብራት ሄዶ ቢመጣ እንኳ ድንጋዩ መሙላቱን ቶሎ አውቆ ይተወዋል። ማሸጊያው ላይ ሲሞላ ራሱ እንደሚያቆም የተጻፈ መሆኑን እዩ።

እያንዳንዱን ድንጋይ ለየብቻ የሚሞላም ይሁን። ሱቅ ውስጥ እያላችሁ መሞከር ይቻላል። አንድ ድንጋይ ብቻ ክተቱና ሰኩት። ሁለት ካልገባ አልሠራም ካለ በጥንድ የሚሞላ ነው። በጥንድ ሲሞላ ደካማውና ጠንካራው እኩል ይቆጠራሉ፤ አንዱ ሳይጠግብ ሌላው ይቃጠላል።

ከዚያ ገልብጡትና ጀርባው ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቡ። «ኢንፑት» በሚለው ትይዩ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካለ የትም አገር ይሠራል። ከአሜሪካ ዘመድ ያመጣላችሁ ከሆነ ይህችን መስመር ሳታዩ እንዳትሰኩት። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ የእኛ 220 ያቃጥለዋል። የሶኬት መቀየሪያው ቅርጹን እንጂ ቮልቱን አይቀይርም። በስልክ ቻርጀር ገመድ የሚሠራ ቢሆን ደግሞ እኔ እመርጣለሁ፤ መብራት በሌለበት ቀን ከፓወር ባንክ ወይም ከሶላር ላይ ይሞላል።

«አውትፑት» የሚለው የፍጥነቱ ነገር ነው። ለደብል ኤ በእያንዳንዱ ማስቀመጫ ከ500 እስከ 1000 ሚሊአምፒር መልካም ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 2000 የሚይዝ ድንጋይ በ500 ቢሞላ 4 ሰዓት፣ የሚባክነው ሲታሰብ 5 ሰዓት ገደማ። በግማሽ ሰዓት እሞላለሁ የሚለው ድንጋዩን በጣም ያግለዋል።

ስትጠቀሙበት

አዲሶቹን ድንጋዮች ከመጠቀማችሁ በፊት አንዴ ሙሏቸው። ከዚያ በማርከር ምልክት አድርጉባቸው። እኔ አንዱን አራት «ሀ»፣ ሌላውን አራት «ለ» ብዬ ጽፌአለሁ። «ሀ» ከ«ለ» ጋር አይቀላቀልም። አንድ ዕቃ ውስጥ የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን ካደባለቃችሁ ደካማው ቀድሞ ያልቃል፣ ሌሎቹ ግን ኃይል በግድ እየሳቡበት ይጎዱታል። መጫወቻ ሳይጠፋ ሲያድር ድንጋይ የሚሞተው በዚሁ ነው።

ጫፋቸውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። የመደመርና የመቀነስ ምልክቱን አይታችሁ አስገቡ። ቻርጀሩን ጠረጴዛ ወይም ሊሾ ላይ አድርጉት፤ አልጋ፣ ሶፋ፣ መጋረጃ አጠገብ አይሁን። ሲሞላ መሞቅ ያለ ነው። እጅ ላይ መያዝ እስኪያቅት ከጋለ ግን ንቀሉት። መብራት ሲሄድም ንቀሉት፤ ሲመጣ ከፍ ብሎ የሚመጣው ኃይል ቻርጀሩን ሊያበላሽ ይችላል። መብራቱ ከተረጋጋ በኋላ መልሳችሁ ሰኩ።

ሙሉ በሙሉ እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልግም። ያ ምክር የድሮው የኒኬል ካድሚየም ድንጋይ ነው። ዕቃው መድከም ሲጀምር አውጡና ሙሉት።

አንድ ነገር አደራ። ተራውን ድንጋይ ቻርጀር ውስጥ አትክተቱ፤ ሊያፈስ ሊፈነዳም ይችላል። ልጅ ሆነን ያለቀ ድንጋይ ፀሐይ ላይ እናሰጣ ነበር፣ በጥርስም እንነክሰው ነበር። ሙቀቱ ለትንሽ ጊዜ ያነቃዋል እንጂ የወጣውን ኃይል አይመልስም። ሊቲየም የሚል የተጻፈበት ጭራሽ ቻርጅ የማይደረግ ሊሆን ይችላል፤ የሚደረገውም የራሱ ቻርጀር አለው፤ ከዚህኛው ጋር አታገናኙት።

አንዳንዴ ጥሩ ቻርጀር አንዱን ድንጋይ አልቀበልም ይላል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ድንጋዩ ጨርሶ ባዶ መሆኑ ነው፤ ቻርጀሩ ድንጋይ መኖሩንም አያውቅም። የድሮው ቻርጀር ቤት ውስጥ ካለ እዚያ ላይ አጠገቡ ሆናችሁ ለጥቂት ደቂቃ አቆዩትና ወደ አዲሱ መልሱት። ከተቀበለው ተረፈ። ካልተቀበለው፣ ወይም ሞልቶ በማግስቱ ከወደቀ፣ ጊዜው አልፏል። እሳት ውስጥ ግን አይጣል፤ ልጆችም እንዳያገኙት።