የግድግዳው ሶላር መብራት እምቢ ሲል

አንድ ማታ ጎረቤቴ የውጭ በሩን ሶላር መብራት ነቅሎ ይዞልኝ መጣ። «አቦ፣ ይሄ ነገር ሞቷል፤ ልጥለው ነው» አለኝ። ጣቴን ውሃ ነክሬ የፓነሉን ፊት አበስ አደረግኩት። የወጣው አቧራ እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ ከሥሩ ጥቁሩ ፓነል ብቅ አለ። አጥበን መልሰን ሰቀልነው። አንድ ቀን ፀሐይ ጠጥቶ ማታውን በራ። እዚህ ድሬዳዋ ሞተ ተብሎ የሚጣል መብራት ሳይ ያንገበግበኛል፤ ብዙው ገና ይሠራል።

ጭራሽ አይበራም

መጀመሪያ ስዊቹን እዩ። ከጀርባ ወይም ከሥር በላስቲክ ተሸፍኖ ስለሚቀመጥ ሳይከፈት የሚሰቀል ብዙ ነው።

ከዚያ በቀን ፓነሉን በወፍራም ጨርቅ ሸፍኑት፤ ሰው ሲያልፍ የሚበራው ዓይነት ከሆነ ፊት ለፊቱ ተንቀሳቀሱ። ከበራ ዕቃው ደህና ነው። ማታ የሚከለክለው ሌላ ብርሃን ይሆናል። መምሸቱን የሚለየው ራሱ ፓነሉ ስለሆነ የመንገድ መብራት ወይም የጎረቤት አምፖል ካረፈበት ገና ቀን ይመስለዋል። ፈቀቅ አድርጋችሁ ስቀሉት።

ይበራል፣ ግን ሌሊቱን አይዘልቅም

የድሬ ሰው በብዛት የሚያማርረው ይሄን ነው። ምክንያቱ ከሦስት አንዱ ነው።

አንደኛው አቧራ ነው። በበጋ በየሁለት ሳምንቱ እጠቡት፤ ፓነሉ ሳይግል፣ በጠዋት። መጀመሪያ ውሃ አፍስሱበት፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ አብሱት። በደረቁ ከፈተጋችሁት አሸዋው ይቧጭረዋል፤ የተቧጨረ ፕላስቲክ ደግሞ አይመለስም።

ሁለተኛው ጥላ ነው። የከዚራ ሰፈር ኒም ዛፍ ለሰው ገነት ነው፤ ለፓነል ግን ሌባ ነው። የቆርቆሮ ክፈፍም እንደዚያው። ሰሜን የሚያይ ግድግዳም አስቸጋሪ ነው። ከመስከረም እስከ መጋቢት የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ግድግዳው ራሱ ይከልላታል። ወደ ደቡብ ወይም ወደ ምሥራቅ አዙሩት። ምዕራብም ፀሐይ አያጣም፤ ግን የከሰዓቱ ንዳድ ባትሪውን ይጨርሰዋል።

ሦስተኛው ያው ባትሪው ነው። ሙቀት ዕድሜውን ያሳጥራል። ፓነሉ ንጹሕ ሆኖ፣ ፀሐይ ጠግቦ ውሎ፣ ማታ በርቶ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ከደከመ ባትሪውን ቀይሩ። ስዊቹን አጥፉ፣ በካቻቢቴ ክፈቱ፣ ባትሪው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። 3.7 ቮልት፣ 3.2 ቮልት ወይም 1.2 ቮልት ሊል ይችላል። የምትገዙት ያው ቁጥር ያለበት መሆን አለበት። «ይገጥማል» ብሎ የሚሰጣችሁን ሻጭ አትስሙ፤ በ3.7 ቦታ 3.2 ከገባ ቻርጁ ከልክ በላይ ያልፍበታል። ፕላስና ማይነሱንም ልብ በሉ። ያበጠ ባትሪ ካገኛችሁ አትብሱት፣ እሳት ውስጥ አትጣሉት፣ ልጆች እጅም አይግባ።

ሰው ሲያልፍ አይነቃም

ሴንሰሩ የሚለየው ከአካባቢው የተለየ ሙቀት ሲንቀሳቀስ ነው። በግንቦትና በሰኔ ምሽት አየሩና ግድግዳው እንደ ሰውነታችን ሲግሉ ልዩነቱ ይጠባል፣ እሱም አጠገቡ ካልደረሳችሁ አያያችሁም። ብልሽት አይደለም። ሴንሰሩን የሸፈነውን ነጭ ጉልላት ጥረጉለት፣ ከ2 እስከ 3 ሜትር ከፍታ ላይ ስቀሉት። ወደ እሱ ቀጥ ብሎ ከሚመጣ ሰው ይልቅ በፊቱ አቋርጦ የሚያልፈውን ቶሎ ስለሚያይ ከበሩ ትይዩ ሳይሆን ወደ ጎን ይሁን።

ውስጡ ውሃ ገባ

የድሬ ዝናብ ሲመጣ በአንዴ ነው የሚወርደው። ስዊቹን አጥፉ፣ ክፈቱት፣ ባትሪውን አውጡና ጥላ ውስጥ አንድ ቀን አድርቁ። የባትሪው መገናኛ ላይ አረንጓዴ ዝገት ካለ አልኮል በነካ ጥጥ ጥረጉት። ስትገጥሙ ከላይና ከጎን ሲሊኮን ቀቡ። ከሥር ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ግን አትድፈኑ፤ የገባ ውሃ የሚወጣው በእሷ ነው።