ከጎጃም ሜልበርን ለገባችሁ፦ ራጅ፣ ሲቲና ኤምአርአይ ሲታዘዝላችሁ

ታርኒት ወይም ሜልተን ቤት ከተከራያችሁ ይቺን ጽሑፍ አንብቧት። ሰፈሮቹ በፍጥነት እያደጉ ነው፤ ክሊኒኩ ግን ሁልጊዜ ከቤቱ እኩል አይደርስም።

እኛ አገር ሲቲ ስካን የታዘዘለት ሰው ከሞጣ ወይም ከቢቸና ተነስቶ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ድረስ ሊሄድ ይችላል። ዘመድ ቤት ያድራል፣ ይከፍላል፣ ፊልሙን በትልቅ ፖስታ ይዞ ይመለሳል። እዚህ አካሄዱ ሌላ ነው።

መጀመሪያ የሜዲኬር ማለትም የመንግሥት የጤና መድን ካርድ አውጡ። ቀጥሎ ጂፒ ማለትም የሰፈር ሐኪም ያያችሁና ማዘዣ ይጽፋል። ያለ ማዘዣ ሜዲኬር አይከፍልም። በተማሪ ቪዛ የመጣችሁ የሜዲኬር መብት ስለሌላችሁ የተማሪ ኢንሹራንሳችሁን ጠይቁ።

ማዘዣው ላይ ብዙ ጊዜ የአንድ ድርጅት ዓርማ ታትሞበታል። የግድ እዚያ መሄድ ያለባቸው የሚመስላቸው አሉ። ግዴታ የለባችሁም፤ ወረቀቱን ይዛችሁ የፈለጋችሁበት ሂዱ። ቀድማችሁ ደውሉና «ባልክ ቢል ነው?» በሉ። አዎ ካሉ ሂሳቡን በሙሉ ለሜዲኬር ስለሚያቀርቡ ከኪሳችሁ ሰባራ ሳንቲም አይወጣም። አይደለም ካሉ ስንት እንደምትጨምሩ ጠይቁ፤ ካልተስማማችሁ ሌላ ጋ ደውሉ። ዋጋ መጠየቅ እዚህ ነውር አይደለም።

እንግሊዝኛው ካስቸገረ ወደ መንግሥት የትርጉም አገልግሎት 131 450 ደውላችሁ «አማርኛ» በሉ፣ አስተርጓሚ ያገናኟችኋል። እባካችሁ ልጆቻችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። ልጅ የእናቱን የማህፀን ምርመራ ሲያስተረጉም ለሁለቱም ይከብዳል።

ኤምአርአይ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ጂፒ ሲያዝዘው ሜዲኬር የሚከፍለው ለተወሰኑ ሕመሞች ብቻ ነው። ለአዋቂ ሰው የወገብ ኤምአርአይ ከጂፒ ከታዘዘ አይሸፈንም፤ ስፔሻሊስት ካዘዘው ግን ሊሸፈን ይችላል። የወገቡ ሲቲ በጂፒ ማዘዣም ይሸፈናል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሐኪሙን አማክሩት።

ለሆድ አልትራሳውንድ ሳትበሉ ኑ ትባላላችሁ። ሁዳዴን የሚጾም ጎጃሜ በዚህ ይቸገራል ብዬ አልሰጋም፤ የምሰጋው ለጠዋቱ ቡና ነው። እሱም ይቀራል። ለማህፀን አልትራሳውንድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ውኃ ጠጥታችሁ፣ ሽንት ይዛችሁ ነው የምትገቡት። ሲቲ በመርፌ በሚሰጥ መድኃኒት ከሆነ የኩላሊት ሕመም ካለባችሁ ወይም ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ተናገሩ። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ወይም የጠረጠረች፣ ራጅም ሲቲም ከመነሳቷ በፊት ትናገር።

ኤምአርአይ ማግኔት ነው። የአንገት መስቀል ይወልቃል። ሰውነቱ ውስጥ የጥይት ወይም የፍንጣሪ ስባሪ የቀረበት ሰው ሳይደብቅ ይንገራቸው። የሚጠየቀው ለማግኔቱ ሲባል ነው፣ ለፖለቲካ አይደለም።

ቀጠሮው 9:00 ከሆነ በእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ከአገር ያመጣችሁት የቆየ ፊልም ካለ ይዛችሁ ሂዱ፤ አዲሱን ከሱ ጋር ያስተያዩታል። ውጤቱ ወደ ሐኪሙ ስለሚላክ ምርመራው እንዳለቀ የጂፒ ቀጠሮ ያዙ።

እናቶች፦ ዕድሜያችሁ 40 ከሞላ የጡት ራጅ ብሬስትስክሪን በሚባለው የመንግሥት የጡት ካንሰር ምርመራ ፕሮግራም ነፃ ነው። ማዘዣ አይጠይቁም፣ የምታነሳችሁም ሴት ናት። ስልኩ 13 20 50።