ኳሷ አልቆም ስትል

ሉናር ፑል የተባለውን የቢሊያርድ ቪዲዮ ጌም በኢሙሌተር (በድሮ ጌሞች ማጫወቻ ፕሮግራም) ከፍቼ ነጯን ኳስ ስመታት፣ ጠረጴዛው ቅቤ የተቀባ ይመስል ትንሸራተታለች እንጂ አትቆምም። ኢሙሌተሩን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ፣ ፍጥነቱን ቀነስኩ፤ ወይ ፍንክች! ፋይሉ ተበላሽቷል ብዬ በጃፓን ፋሚኮም በተባለው የኒንቴንዶ ጌም መጫወቻ ላይ ሉናር ቦል ተብሎ የወጣውን ቅጂ ሞከርኩ፤ እሱ ደህና ይሠራል።

ለካ ጥፋቱ የእህቴ ልጅ ነው። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ሰሌዳ በሚመረጥበት ገጽ ላይ ፍሪክሽን (ኳሷን ቀስ በቀስ የሚያቆማት ሰበቃ) የሚል ቁጥር አለ፤ ልጁ ሲነካካ ዜሮ አድርጎታል። ኢሙሌተሩ ደግሞ ካቆምኩበት ስለሚቀጥል ያንን ገጽ አይቼው አላውቅም። ሪሴት አድርጌ 32 ላይ ስመልሰው ኳሷ ጨዋ ሆነች። ከ60ዎቹ ሰሌዳዎች ግን ገና 7ኛው ላይ ነኝ፤ እዚያ ላይ ፍሪክሽንን ማማት አልችልም።