አማርኛ የሚጽፍ ሞዴል 4 ጊጋባይት ራም ባለው ስልክ ላይ

የቋንቋ ሞዴል ከመምረጣችሁ በፊት ቶክናይዘሩን፣ ማለትም ጽሑፉን ቶክን ወደሚባሉ ቁርጥራጮች የሚከፋፍለውን ክፍል፣ ፈትሹ። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ነው። ቶክናይዘሩ አማርኛን እምብዛም ሳያይ የተሠራ ከሆነ ፊደሉን ባይት በባይት ይበታትነዋል፤ «ሰላም» 9 ቶክን ሊሆን ይችላል። ተጠቃሚዎቻችሁ የሚጽፉትን ዓይነት 200 ያህል ዓረፍተ ነገር አስገቡና የቶክኑን ብዛት ለፊደሉ ብዛት አካፍሉ። ከ1 በታች ከወጣ ደህና ነው፤ ወደ 3 ከተጠጋ ሌላ ሞዴል ፈልጉ። ይህን የምናስቀድመው ኋላ ላይ በኮድ የማይቃና ስለሆነ ነው።

ቀጥሎ የራም ሒሳብ አለ። 1 ቢሊዮን ፓራሜትር (ሞዴሉ የተማረውን የያዙ ቁጥሮች፤ ዌይትም ይባላሉ) በ16 ቢት 2 ጊጋባይት ይወስዳል። አንድሮይድ ራሱና ሌሎቹ አፖች ድርሻቸውን ከያዙ በኋላ ይህን የሚሸከም ቦታ አይተርፍም። ሞዴልን በስልክ ላይ በሚያስኬደው የላማ ሲፒፒ (llama.cpp) ፕሮግራም ኪው4-0 (Q4_0) በሚባለው የማሳነሻ ፎርማት ግን 32 ዌይት በ18 ባይት ይታሸጋል፤ ለአንዱ 4.5 ቢት ይደርሰዋል። ሞዴሉ ወደ 563 ሜጋባይት ይወርዳል ማለት ነው። ጥራቱ ምን ያህል እንደቀነሰ በእንግሊዝኛ ፈተና አትመዝኑ፤ 16 ቢቱንና የታሸገውን ሞዴል በተመሳሳይ የአማርኛ ጥያቄዎች አወዳድሩ። መልሶቹን በኮድ የምታነጻጽሩ ከሆነ «ፀሐይ»ን እና «ጸሀይ»ን አስቀድማችሁ ወደ አንድ አጻጻፍ አምጧቸው፤ አለበለዚያ ትክክለኛው መልስ ስህተት ተብሎ ይቆጠራል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ኬቪ ካሽን፣ ማለትም ሞዴሉ ያለፉትን ቶክኖች ለማስታወስ ራም ላይ የሚይዘውን ቦታ ነው። መዋቅሩ 24 ሌየር፣ 8 ኬቪ ሄድ፣ የሄዱ ስፋት 64 የሆነ ሞዴል በ16 ቢት ለእያንዳንዱ ቶክን 48 ኪሎባይት ይይዛል፤ በ2048 ቶክን ኮንቴክስት (ሞዴሉ በአንድ ጊዜ የሚያየው የጽሑፍ ርዝመት) 96 ሜጋባይት ይሆናል። አፑ ምንም የስህተት መልእክት ሳያሳይ ድንገት ከጠፋ፣ ራም ሲጠብበት አንድሮይድ ዘግቶት ሊሆን ስለሚችል ኮንቴክስቱን ወደ 1024 አውርዳችሁ ሞክሩ።

ፍጥነቱን ባብዛኛው የሚወስነው የራሙ የንባብ ፍጥነት ነው፤ ሞዴሉ አንድ ቶክን ባወጣ ቁጥር ዌይቶቹን በሙሉ ያነባልና። በሰከንድ 12 ጊጋባይት የሚያነብ ስልክ በ563 ሜጋባይት ሞዴል ከ21 ቶክን አያልፍም። ቶክናይዘሩ ፊደሉን ለ3 የሚከፍል ከሆነ በሰከንድ 7 ፊደል ብቻ ይወጣል። ፕሮሰሰሩ 2 ፈጣንና 6 ዘገምተኛ ኮር ባለው ስልክ 8 ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር) መክፈት ደግሞ ብዙ ጊዜ ያዘገያል፤ ፈጣኖቹ ዘገምተኞቹን ቆመው ይጠብቃሉ። በ2 ትሬድ ጀምሩ፣ ከዚያ 4 ሞክሩ፣ ለክታችሁ የተሻለውን ያዙ።

በእንግሊዝኛ ስትሞክሩ የማይታይ አንድ ስህተት አለ፦ መልሱ እየተጻፈ ሳለ በፊደል ፋንታ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ዳይመንድ ብቅ ይላል። ምክንያቱ እያንዳንዱን ቶክን ለብቻው ወደ ጽሑፍ መቀየራችሁ ነው። ባይቶቹን በበፈር (ጊዜያዊ ማቆያ) አጠራቅሙ፤ በባይት 225 የጀመረ ፊደል ሁለቱ ተከታዮቹ እስኪመጡ ስክሪን ላይ አይውጣ። ኢሞጂ 4 ባይት ስለሆነ 3ን በኮዱ ውስጥ ቋሚ ቁጥር አታድርጉት፤ የፊደሉን ርዝመት ከመጀመሪያው ባይት አንብቡ።

ሞዴሉን ከአፑ ጋር አታሽጉት። ተጠቃሚው ዋይፋይ ሲያገኝ በጊዜያዊ ስም ይውረድ፣ የሻ-256 (SHA-256) ቁጥሩ፣ ማለትም ፋይሉ ሳይበላሽ መውረዱን የሚያሳየው አሻራ፣ ይመሳከር፣ ከዚያ ስሙ ይቀየር። የካሽ ፎልደር ውስጥ ካስቀመጣችሁት ግን የስልኩ ማከማቻ ሲሞላ ሲስተሙ ሊያጠፋው ስለሚችል የአፑን ቋሚ የፋይል ፎልደር ተጠቀሙ። ስትከፍቱትም በኤምማፕ (mmap፣ ፋይሉን ካለበት ማከማቻ እንደአስፈላጊነቱ የማንበቢያ ዘዴ) ይሁን፤ ፋይሉን በሙሉ ወደ ራም መቅዳት አያስፈልግም።

በመጨረሻ ስልኩን ከቻርጀር ነቅላችሁ 10 ደቂቃ ያለማቋረጥ አስጽፉት፤ የ1ኛውንና የ10ኛውን ደቂቃ ፍጥነት መዝግቡ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ስልኩ ግሎ ፕሮሰሰሩን እያዘገመ ነው። ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ አፑ የሙቀቱን ደረጃ ፓወር ማናጀር ከሚባለው የአንድሮይድ አገልግሎት መጠየቅ ይችላል፤ ደረጃው ከፍ ሲል ትሬድ ቀንሱ፣ መልሱንም አሳጥሩ።