ሰላምታን በስልክ ቪዲዮ ማስተማር

ኦቲዝም ያለበት ልጅ የምታሳድጉ፣ ስልካችሁ ጥሩ አስተማሪ ሊሆናችሁ ይችላል። እንግዳ ሲመጣ ሰላም ማለትን ልታስተምሩት ፈለጋችሁ እንበል። ታላቅ እህቱ በሩን ስትከፍት፣ ፈገግ ስትልና «እንደምን ዋሉ?» ስትል ቅረጿት። ከአንድ ደቂቃ ባይበልጥ ይሻላል። በአንድ ቪዲዮ አንድ ነገር ብቻ ይታይ። ቴሌቪዥኑን አጥፉ፤ ከኋላ የሚታየውንም ዕቃ አንሱ። አለበለዚያ ልጁ ሰላምታውን ትቶ የሚሽከረከረውን ማራገቢያ ሊያይ ይችላል።

ስህተትን አትቅረጹ። «እንዲህ አታድርግ» ብላችሁ ያሳያችሁትን ራሱን ሊቀዳው ይችላል።

ካየ በኋላ ወዲያው አብራችሁት ሞክሩ። ዋናው ነገር ይሄ ነው፤ ማየቱ ብቻውን አይበቃም። ግማሹን እንኳ ቢያደርግ አድንቁት። መነካት የሚከብደው ከሆነ ጨብጥ ብላችሁ አታስገድዱት። እጅ ማውለብለብም ሰላምታ ነውና እሱኑ ቅረጹለት።

ዘዴው እንዲሁ የመጣ አይደለም። በ2020 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ በማስረጃ ከተደገፉ 28 ዘዴዎች አንዱ አድርጎታል።

ቤት ውስጥ ሲለምደው ከጎረቤት ጋር ይሞክረው፤ ቪዲዮውንም ቀስ በቀስ ቀንሱለት።