ዲሲ አዲስ ለገባ ቤተሰብ፦ ከልጆች ጋር ውጭ መዋል እንዴት ይጀመራል?

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ገና የገባ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ቅዳሜና እሑድን ቤት ተዘግቶ ነው የሚያሳልፈው። ሥራው ያደክማል፣ መንገዱ አይታወቅም፣ ኪራዩ ከተከፈለ በኋላ ለመዝናኛ የሚተርፍ ገንዘብ የለም። ልጆቹ ስልክ ላይ አፍጥጠው ይውላሉ። ግን ከሌላው ይልቅ በዚህ ከተማ ነው ያለ ብዙ ወጪ መውጣት የሚቻለው። የሚያስፈልገው ከቅርብ መጀመርና ትንሽ ቀደም ብሎ ማሰብ ነው።

1. መጀመሪያ ሰፈራችሁን ልመዱ

በስልካችሁ ካርታ ላይ በእግር የሚደረስ የልጆች መጫወቻ ፈልጉ። አንዱን ምረጡና እሱኑ ደጋግማችሁ ሂዱበት። ትንሽ ልጅ በየሳምንቱ አዲስ ቦታ አያስፈልገውም። የለመደው ዥዋዥዌ ላይ የሚያውቀውን ልጅ ሲያገኝ ነው ደስ የሚለው። እናንተም ከወላጆች ጋር ሰላምታ ትጀምራላችሁ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ከሆናችሁ ደግሞ አማርኛ መስማታችሁ አይቀርም። ብዙ የሰፈር መጫወቻዎች ሽንት ቤት የላቸውም። ስለዚህ ልጆቹን ቤት ሽንት አስሸንታችሁ ውጡ።

2. መጓጓዣውን ከዋዜማው ጨርሱ

መኪና ከሌላችሁ ሜትሮው፣ ማለትም የከተማው ባቡር፣ ይበቃል። የሕፃን ጋሪ ከያዛችሁ በአሳንሰር ውረዱ፤ በሚንቀሳቀሰው ደረጃ ላይ ጋሪ ይዞ መቆም አደገኛ ነው።

የዘመድ ወይም የጓደኛ መኪና ላይ የምትሄዱ ከሆነ ግን አንድ ነገር አትርሱ። በዲሲም፣ በሜሪላንድም፣ በቨርጂኒያም ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅ በአጠቃላይ በዕድሜውና በቁመቱ ልክ የሆነ የልጆች ወንበር ላይ ነው መቀመጥ ያለበት። አገር ቤት እንደለመድነው "እቅፌ ላይ ይሁን" ማለት አይቻልም። ቅጣቱ ይቅርና የልጁ ሕይወት ነው። ስለዚህ ወንበሩን ይዛችሁ ሂዱ፣ ወይም ባለመኪናውን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

3. ለመጀመሪያው ትልቅ ጉዞ መካነ እንስሳቱን ምረጡ

የስሚዝሶኒያን ብሔራዊ መካነ እንስሳት መግቢያ አይከፈልበትም። ነፃ የመግቢያ ፓሱን ግን ከመሄዳችሁ በፊት ድረ ገጹ ላይ ያዙ። ለመኪና ማቆሚያ ስለሚከፈል ሜትሮ ይሻላል።

እዚህ ላይ የቦታውን አቀማመጥ ማወቅ ብዙ ድካም ያድናል። በሜትሮው ቀይ መስመር ስትሄዱ ክሊቭላንድ ፓርክ ጣቢያ ውረዱ፤ ከዚያ እስከ በሩ መንገዱ ሜዳ ነው። ስትመለሱ ወደ ዉድሊ ፓርክ ጣቢያ ሂዱ፤ ቁልቁለት ነው። በተቃራኒው ካደረጋችሁት ገና ሳትገቡ ዳገት ትወጣላችሁ።

ግቢው ራሱ ከዋናው በር ጀምሮ ወደ ሮክ ክሪክ ወንዝ ቁልቁል ይወርዳል። ሲሄዱ ይቀላል፤ ሲመለሱ ግን የደከመ ልጅ በጋሪ እየገፉ ዳገቱን መውጣት ነው። በ2024 ከቻይና የመጡት ፓንዳዎች ከላይ በኩል ናቸው። አንበሶቹ ወደ ታች ናቸው። ልጃችሁ "አንበሳ ካላየሁ" የሚል ከሆነ፣ መጀመሪያ ጉልበት ሳለ እዚያ ውረዱ። ሌላውን ወደ ላይ እየወጣችሁ፣ በየመሐሉ እያረፋችሁ እዩት። ሁሉንም በአንድ ቀን ካላየን አትበሉ። ነፃ ነው፤ ሌላ ጊዜ ትመጣላችሁ።

4. ምሳችሁን ያዙ

በየመዝናኛው የሚሸጥ ምግብ ውድ ነው። በምሳ ዕቃ ፍርፍር፣ ዳቦ በእንቁላል፣ ለጾም ቀን የምስር ሳምቡሳ፣ ሻይ በፔርሙስ። ቆሎና ድፍን የወይን ፍሬ ለትንንሽ ልጆች አትስጡ፤ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ውኃ ከምታስቡት በላይ ያዙ። ከሰል ማቀጣጠል የሚፈቀደው በተመደበለት ቦታ ብቻ ነው፤ ቢራም በብዙ መናፈሻዎች አይፈቀድም።

እሑድ ከቅዳሴ በቀጥታ የምትሄዱ ከሆነ የልጆቹን ስኒከርና ቅያሪ ልብስ ይዛችሁ ውጡ። በነጭ የአገር ልብስ ሣር ላይ "ተጠንቀቅ፣ እንዳታቆሽሸው" ሲባል የሚውል ልጅ አይጫወትም።

5. የአየሩን ጠባይ እወቁ

የሐምሌና የነሐሴ ሙቀት ወበቅ አለው። ስልካችሁ 90 ፋራናይት ካሳየ 32 ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ ከወበቁ ጋር ግን ከዚያ የባሰ ይሰማል። በጠዋት ወጥታችሁ ከቀትር በፊት ተመለሱ። ከሰዓት በኋላ ድንገት ነጎድጓድ ሊመጣ ይችላል። ድምፁን እንደሰማችሁ ሕንፃ ወይም መኪና ውስጥ ግቡ፤ ዛፍ ሥር አትጠለሉ።

ጫካና ረጅም ሣር ውስጥ መዥገር አለ። ከብት ላይ የምናውቀው ዓይነት ብቻ አይደለም፤ አንዳንዱ የሰሊጥ ፍሬ ያክላል፣ “ላይም” (Lyme) የሚባል በሽታም ያስተላልፋል። ማታ ልጆቹን ስታጥቡ ከጆሮ ጀርባ፣ ብብት፣ ወገብ፣ ጉልበት ሥር፣ የፀጉር ውስጥ እዩ። ከተገኘ በወረንጦ ከቆዳው ሥር ያዙና ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ቫዝሊን መቀባት ወይም በእሳት ማቃጠል አይጠቅምም። በቀጣዮቹ ሳምንታት ሽፍታ ወይም ትኩሳት ካያችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ መዥገር ነክሶት እንደነበርም ንገሩ።

ፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ በተለይ ግሬት ፎልስ የሚባለው ፏፏቴ ጋ ስትሄዱ፣ ልጅ እጁ ይያዝ። ውኃው ከላይ የተኛ ቢመስልም ከሥር ኃይለኛ ነው፤ መዋኘትም ክልክል ነው።

6. ቀጥሎ የት?

በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ መጀመሪያ አካባቢ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ከቶኪዮ በ1912 በስጦታ የመጡት የቼሪ ዛፎች ታይዳል ቤዝን በሚባለው ሰው ሠራሽ ኩሬ ዙሪያ ያብባሉ። ሰው ይበዛልና በሥራ ቀን በጠዋት ሂዱ። በሐምሌ ኬኒልዎርዝ የውኃ አትክልት ሥፍራ ሎተሱ ይፈካል፤ ብዙ ሰው አያውቀውም፣ መግቢያውም ነፃ ነው። ጥቅምት ላይ ሮክ ክሪክ መናፈሻ ውስጥ ቅጠሉ ቀለም ሲቀይር፣ ትንንሾቹ የወደቀውን እየሰበሰቡ ብቻ ግማሽ ቀን ይውላሉ።